በሬ የማያስበረግገው ካሚዮን

ዛሬ ቦዲቲ ገበያ መሃል በካሚዮኔ አለፍኩ፤ አንድ በሬ እንኳ አልበረገገም!

ባለፈው ገበያ የጭስ ማውጫዬ ጩኸት ገመድ እያስበጠሰ ከብቱን ሁሉ በትኖት ነበር። የገበያው ሽማግሌ፣ “ልጄ፣ ድምፁን ካላበረድክ ሁለተኛ በዚህ አትለፍ” አሉኝ።

ሶዶ ተመልሼ ከቀጥቃጩ ጓደኛዬ ከሻንካ ጋር ትንሽ ባዶ በርሜል የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ገጠምን። ድምፁ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይለዝባል። (የመጀመሪያው ሙከራችንማ ጭራሽ አባሰው!)

ዛሬ ሽማግሌው ካሚዮኑን ዞረው አዩና፣ “ማነው የሠራው?” አሉ።

“እኔና ሻንካ ነን” አልኩ፣ አብሮኝ የመጣውን ጓደኛዬን እያሳየሁ።

እዚህ ገበያ ቀጥቃጭን ከጎኑ የሚያስቀምጥ የለም። እሳቸው ግን የሻንካን እጅ ይዘው “ጋላታይስ” ብለው አመሰገኑት፤ አጠገባቸውም አስቀመጡት። በጓደኛዬ ደረቴ ተነፋ!

እናንተስ፣ ሰው የናቀው ወዳጃችሁ እንዲህ ያኮራችሁ መቼ ነው? እስቲ አውሩን።