እናቷ ያላቆሙበት ቦታ

ከጎጃም ወደ አሶሳ የመጣሁት የአንድ ኮሌጅ ሰርቨር እንድጠብቅ ተመድቤ ነው። ሬጅስትራሩ፣ ሒሳብ ክፍሉ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሁሉም ሥራውን የሚያስቀምጠው በዚያው በአንድ ማሽን ላይ ነበር። የኔ ድርሻ የሁሉንም ፋይል በየቀኑ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ባክአፕ መያዝ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የተቀራረብኩት የበርታ ቋንቋ ከምታስተምረው ሴት ጋር ነው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። የእናቷን ተረቶች በድምፅ ቀድታ፣ ቆርጣና ቀጥላ ሰርቨሩ ላይ ታኖራቸዋለች። ጠዋት የከፈተችውን ፋይል ከሥራ እስክትወጣ አትዘጋውም።

አንድ ቀን እናቷ ልጃቸው የምትሠራበትን ሊያዩ መጡ። በፌስታል ማንጎ ይዘዋል። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው።

«ና፣ ብላ» አሉኝ፣ ትልቁን መርጠው።

«ነዪ፣ ብዪ ነው የሚባለው። ሴት ናት እኮ!» አለች ልጃቸው እየሳቀች።

«ሴት ነው፣ አይቻለሁ። ቀጥኗል። ይብላ!»

በላሁ። እስክጨርስ ድረስ ቆመው አዩኝ።

ባክአፕ ተይዟል ማለት ብቻውን አያስተማምንም፤ ተመልሶ ሲከፈት ማየት ያስፈልጋል። እናም አንድ ከሰዓት በኋላ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። የእትዬን ፋይል ነካሁ። የእናቷ ድምፅ መጣ፣ ሞቅ እያለ ሄደና ቃል መሐል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ጭጭ። ማሽኑ ግን «ተሳክቷል» ብሎ መዝግቦታል። ቅጂው ሲወሰድ እሷ እዚያው ፋይል ላይ እየሠራች ስለነበር ገሚሱ ብቻ ነበር የተገለበጠው።

ጠርቼ አሰማኋት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እናቴ እዚህ ጋ አላቆመችም።»

«ዋናው ደህና ነው እትዬ፣ አትደንግጪ። ቅጂው ነው የተጎዳው።»

«ዋናው ቢጠፋስ?»

በማግስቱ ለሁሉም ክፍሎች ነገርኳቸው፤ ለምሳ ከመውጣታችሁ በፊት ሥራችሁን አስቀምጡ፣ ፋይላችሁን ዝጉ፣ ለጥቂት ጊዜ እጃችሁን አንሱልኝ። በዚያች ክፍተት ሰርቨሩ ሁሉም ነገር ያለበትን ሁኔታ እንደ ፎቶ አንስቶ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ሰዉ ወደ ሥራው ቢመለስም እኔ የምገለብጠው ከዚያ ከማይነቃነቀው መልክ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ሰው አጉረመረመ፤ «በሥራ ሰዓት ሥራ አቁሙ ሲባል ገና መስማቴ ነው» አለ። እትዬ ግን በየቢሮው ደጃፍ እየዞረች «እጅ አንሱ!» ትላለች። እሱም እየሳቀ ይዘጋል።

ክረምቱ ሳይገባ እናቷ ታመው አረፉ። ከሐዘን ከተመለሰች በኋላ የተማሪ ፈተና ታርማለች፣ ታስተምራለች፤ ያንን ፋይል ግን አልከፈተችውም። እኔም ክፈቺ አላልኳትም።

ሐምሌ ላይ፣ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የሰርቨሩ ዲስኮች ተቃጠሉ። ሌላ ማሽን ተፈልጎ እስኪመጣ ሁሉም ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ከቅጂው መመለስ እንደጀመርኩ እትዬ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም።

«አለች?» ብቻ አለችኝ።

ማዳመጫውን ሰጠኋት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ያ የተቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ጉልበቷን ጨበጠች። ድምፁ አለፈ። ቀጠለ። እንባዋ እየወረደ ድንገት ሳቀች።

«ምን አሉ?»

«ትቆጣኛለች። 'ዝም ብለሽ ምን ታዪኛለሽ፣ ገብቶሻል ወይ?' ትለኛለች።»

ከዚያ ማዳመጫውን ነቅላ ድምፁ ለሁለታችንም እንዲሰማ አደረገችው። በርታ አልሰማም። እሷ ግን ጥንቸሏና ጅቡ የተጣሉበትን ተረት፣ እናቷ ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር እያቆመች፣ እስከ መጨረሻው ተረጎመችልኝ።