ቶሎ የማይገድል ጥይት

ሁለት ዓመት ሙሉ ቶሎ የማይገድል ጥይት ስፈልግ ኖርሁ። ይህን ለጥይት ሻጭ ማስረዳት ምን እንደሚመስል የሞከረው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ቶሎ የሚገድል ነው፤ ሻጩም የለመደው እሱን ነው። እኔ በአውቶቡስ ሹፌር ዩኒፎርሜ መደርደሪያው ፊት ቆሜ «አጋዘኑን የሚጥል፣ ግን ቢላ ይዤ እስክደርስ ነፍሱን የማያወጣ» ስለው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብሎ ፈቃዴን ድጋሚ እንዳሳየው ጠየቀኝ።

የዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጭ አባቴ ናቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቶሮንቶ ውስጥ ሪጀንት ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ አዲስ ከተሠሩት ሕንፃዎች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ምግብ እምቢ ብለዋል። ሁለት ጉርሻ ሽሮ፣ አንድ ሻይ፣ በቃ። ሥጋ ሠርቼ ስወስድላቸው «ይሄ ደግሞ ሥጋ ነው? ውሃ ነው እንጂ» ብለው ሳህኑን ወደ እኔ ይገፉታል። ቀበቷቸው ላይ ሁለት ጊዜ አዲስ ቀዳዳ በስቼላቸዋለሁ። ሐኪሟ «ምንም ይሁን ምን፣ የሚወዱትን ይብሉ» አለች። የሚወዱትን ስጠይቃቸው ብዙ አሰቡና «ያደን ሥጋ ቢሆን እበላ ነበር» አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈዋል። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ በዚያ ላይ አባቴ ዓይኔ እያየ እያለቁ ነበር። በማግስቱ ለጦር መሣሪያና ለአደን ፈቃድ ትምህርት ተመዘገብሁ።

አባቴ በወጣትነታቸው ቆላ ውስጥ የመንገድ ሥራ ዘበኛ ነበሩ። መሐንዲሱ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አስታጥቀዋቸው ነበር፤ ያን ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚደረደረውን። በዚያ ሽጉጥ አጋዘን የጣሉበትን ታሪክ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። «ጠመንጃ ሥጋውን ይበትነዋል፣ ነፍሱንም እዚያው ያወጣታል። የስድስት ጎራሽ ጥይት ግን ከባድ ነው፤ አይቸኩልም። አፍንጫው ጠፍጣፋ እርሳስ ነው። ይገባና ያስቀምጠዋል። አጋዘኑ ተንበርክኮ ጠበቀኝ። በስመ አብ ብዬ አረድሁት።» ይህን ሲያወሩ አንድም ቀን አንዲት ቃል ቀይረው አያውቁም።

ዋናው ነገር መታረዱ ነው። ለአባቴ በስሙ ሳይታረድ፣ ደሙ ሳይፈስ የሞተ እንስሳ በክት ነው፤ ቢርባቸውም አይነኩትም። ስለዚህ አደን ልሄድ ነው ስላቸው «የት?» ወይም «ከማን ጋር?» አላሉኝም። «በምን ጥይት?» ነበር ያሉኝ።

«ሴት ልጅ አታርድም ይባል የለ፣ አባባ? ማን ያርድልኛል?» አልኋቸው።

«ጫካ ውስጥ ማን አለ? ስሙን ጥሪና ቁረጪ።»

ያን የሚያክል ሥርዓት በአንድ አፍ ሰርዘው በክቱ ላይ ሲደርሱ ግን ፍንክች የለም። ቆሽቴ አረረ። እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ስለ ስድስት ጎራሽ ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

በዚህ አገር በሽጉጥ ማደን ክልክል ነው። አሁን ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ተራ ሰው ሽጉጥ መግዛትም ቀርቷል። ይህን ለአባቴ ስንት ጊዜ እንደነገርኋቸው አላስታውስም። በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመልሳቸው መኪናው ውስጥ «ስቶሩ ሄድሽ? ስድስት ጎራሽ የለም አሉሽ?» ይሉኛል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

መውጫ ያሳየኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ጡረታ ሊወጣ ትንሽ የቀረው፣ እንደኔው አውቶቡስ የሚነዳ፣ ኖቬምበር በመጣ ቁጥር ወደ ሰሜን ሄዶ አጋዘን የሚያድን ፈረንጅ ነው። ምሳችንን እየበላን ችግሬን ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ። «የሽጉጡን ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ አለ እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ምላጩ ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች ገፍተው የሚያጎርሱት አጭር ጠመንጃ አለ፤ የሚተኩሰው የስድስት ጎራሽ ጥይት ነው፤ ሕጋዊም ነው። ያን ቀን ጮቤ ረገጥሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሦስት ሃምሳ ሰባት የሚባለው ካሊበር፣ የጥይቱ ውፍረት መሆኑ ነው፣ ለትልቅ አውሬ ቀላል ነው ተባልሁ። አርባ አምስት የሚባለው አለ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ጥይቱን ያየ የለም። ቀሪው አርባ አራት ማግነም ነው። ካሊበሩን መርጬ ጨረስሁ ስል ደግሞ ጥይቱ ራሱ ዓይነት በዓይነት ሆኖ አረፈው፤ አፍንጫው ተቦርቡሮ ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንደ አበባ የሚፈነዳ፣ አፍንጫው ለስልሶ ቀስ ብሎ የሚሰፋ፣ ከደረቅ እርሳስ ተቀርጾ ምንም ሳይሰፋ በዚህ ገብቶ በዚያ የሚወጣ። ባልደረባዬ ለስላሳውን አለ። አባቴ የነገሩኝ ጠፍጣፋ እርሳስ ግን ሦስተኛው ነው። እሱን ፍለጋ ከፈረቃ ስወጣ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ዞርሁ፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። «ለባልሽ ነው?» ያለኝ ሻጭም አለ። ባል የለኝም፤ አባት ነው ያለኝ። በመጨረሻ አንድ ቦታ አንድ ፓኮ ተገኘ፤ ከባዱ፣ ዘገምተኛው፣ ልክ እሳቸው እንዳሉት።

በመጀመሪያው ዓመት ከባልደረባዬ ጋር በወጣንበት አደን ወንድ አጋዘን ሃምሳ እርምጃ ላይ ቆመልኝ። ብብቱ ሥር አነጣጥሬ ምላጩን ሳብሁ። እንደመታሁት አውቃለሁ። እሱ ግን አልተንበረከከም፤ ሮጠ። ቢላዬን እንደያዝሁ ቅጠል ላይ የተንጠባጠበ ደም እየተከተልን ሦስት ሰዓት ያህል ባዘንን። ረግረግ ዳር አገኘነው፤ ሞቶ ቀዝቅዟል።

ባልደረባዬ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «ስንት ሰዓት እንደተሰቃየ አናውቅም» አለኝ። «ስተሽ ቢሆን ምንም አልልሽም። አንቺ ግን ቶሎ እንዳይሞት ብለሽ ነው ይህን ጥይት የመረጥሽው። ሁለተኛ በዚህ ጥይት ከእኔ ጋር አትመጪም።»

አፈርሁ። ሥጋውን በሙሉ እሱ ወሰደው፤ እኔ ለአባቴ ደወልሁ።

«ሳልደርስበት ሞተ፣ አባባ።»

«በክት ነዋ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ጥይቱ ምን ያህል ይከብድ ነበር? ምናልባት ቀሎ ይሆናል» አሉ።

ስልኩን መስኮቱ ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ። በዚያ ዓመት ሦስተኛውን የቀበቶ ቀዳዳ በሳሁ።

በሁለተኛው ዓመት አባቴ ከዚያም የከበደ ጥይት ፈልጊ ይሉኛል፤ ባልደረባዬ ለስላሳውን ካልያዝሽ መኪናዬ ውስጥ አትገቢም ይለኛል። እኔ መሐል ላይ ነኝ። የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቷል፤ ጾሙ ከገባ እስከ ገና ሥጋ የለም፤ የአባቴን ሰውነት ሳይ ደግሞ እስከ ገና መቆየታቸውን ማን ያውቃል እላለሁ። ለስላሳውን ጥይት ገዛሁ። አንገቱ ሥር ብመታው ይወድቅ ይሆናል፤ ሮጬ ብደርስ ትንሽ ነፍስ ትቀረው ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልሁ።

ወደቀ። እንዲህ ያለ አወዳደቅ አይቼ አላውቅም፤ እግሩ ከሥሩ የተነሳበት ነው የመሰለው። ጠመንጃዬን ለባልደረባዬ ወርውሬ በብርቱካናማው የአዳኝ ጃኬቴ ግንድ እየዘለልሁ ሮጥሁ። ደርሼ የዓይኑን ብሌን በጣቴ ነካሁት። አልጨፈነም። «በስመ አብ ወወልድ» ብዬ አረድሁት። ደሙ ወጣ፤ ግን አልተፈናጠቀም፤ ዝም ብሎ ፈሰሰ። በሕይወት ያለ አለመሆኑን እጄ አውቆታል። ባልደረባዬ ከኋላዬ መጥቶ «ጥሩ ተኩስ ነው፣ ምንም አልተሰማውም» አለኝ። እሱ ደስ ብሎታል። እኔ እዚያው ተቀምጬ በንዴት አለቀስሁ።

ወደ ቶሮንቶ ስንመለስ መንገዱን በሙሉ ውሸት ስለማመድ ነበር። ከዚያ በፊት ለአባቴ ትልቅ ነገር ዋሽቻቸው አላውቅም። ግን ሌላ አንድ ዓመት አልነበራቸውም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ ጠበስሁት። በሽንኩርት፣ በትንሽ ቅቤ፣ ሌላ ምንም ሳላበዛ። ሽታው ሲደርሳቸው ከወንበራቸው ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ሲበራ አየሁ። ሳህኑን ፊታቸው አቀረብሁ። እጃቸውን ታጥበው፣ ጸልየው፣ ሊጎርሱ ሲሉ ቆም አሉ።

«ደረስሽበት?»

«ደረስሁበት።»

«እንዴት ሆነ?»

የተለማመድሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ፤ የመጣልኝ የእሳቸው ቃል ነው። «ተንበርክኮ ጠበቀኝ» አልሁ።

አባቴ ጉርሻውን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

«አጋዘን ተንበርክኮ አይጠብቅም፣ ልጄ» አሉ። «እሱን ቃል እኔ ነኝ የፈጠርሁት።»

ከዚያ ነገሩኝ። የተኮሱት አጋዘን እዚያው ድርቅ ብሎ ነበር፤ ሲደርሱበት ዝንብ ወሮታል። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ እናታቸው ቤት ከሰነበተ ጥሬ በቀር የሚቀመስ የለም። የሞተውን አንገት በቢላ ቆርጠው ተሸክመው ገቡ። እናታቸው «ታርዷል ወይ?» ብላ ጠየቀች። «ተንበርክኮ ጠበቀኝ» አሏት። ልጇን አምና በላች።

«እርስዎስ?»

«ጥርሴን አሞኛል አልኋት።»

ደሜ ፈላ። ማዘን የነበረብኝ ያኔ ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን የታየኝ ባዶ መደርደሪያው፣ የሻጩ ሳቅ፣ ረግረግ ዳር የቀዘቀዘው አጋዘን ነው። «ታዲያ ጥይቱ ከባድ ነው፣ አይቸኩልም እያሉ ሁለት ዓመት ለምን ያንከራትቱኛል?» አልሁ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«እውነት የሆነልሽ እንደሆነ ብዬ ነው» አሉ። «አንቺ ደርሰሽበት ብታርጂው፣ የኔም ውሸት አይሆንም ነበር።»

ሳህኑን ላነሳው እጄን ስዘረጋ ያዙኝ። ዱሮ በነበራቸው ጉልበት ነው የያዙኝ።

«ተዪው። እናቴ የበላችውን እኔም ልብላ።»

ጎረሱ። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ አንዷን ቁራጭ ብዙ እያኘኩ፣ ጉርሻ በጉርሻ አንድም ሳያስቀሩ ጨረሱት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሙሉ ሳህን ሲበሉ ሳያቸው ያ የመጀመሪያው ነው። ስድስት ዓይነት ጥይት የማውቅ ሴት፣ ፊታቸው ተቀምጬ ያገኘሁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

«ጣፈጠዎት፣ አባባ?» አልኋቸው።

«ሊጣፍጠኝ አይደለም የበላሁት» አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ።

እኔ ግን ሁለት ዓመት የለፋሁት እንዲጣፍጣቸው ነበር።