ቅር ያለው ሰው ካለ

የወገኔን ስም እዚህ አልጽፈውም። ብጽፈው ቀልዱን ገና ሳልነግረው ፈገግ የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ከደቡብ ነን፣ ይበቃል። የራሳችን ቋንቋ አለን። በቋንቋችን ወንዱንም ሴቷንም የምናናግረው በአንድ ቃል ነው፤ አንተ እና አንቺ ብሎ መለየት የለም። አማርኛ ስንናገር ታዲያ ይደበላለቅብናል። እኔ በልጅነቴ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስለኖርኩ በኩርኩም ተስተካክያለሁ። ሚስቴ ግን አማርኛን የለመደችው ሱዳን፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ የውኃ ወረፋ ላይ ነው። ወረፋው ላይ የሚቆሙት ሴቶች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ «ነይ»፣ «ሂጂ»፣ «ቅጂ» ሲባባሉ ይውላሉ። እሷም የያዘችው ይህንኑ ነው። ሰው የተባለውን ሁሉ አንቺ ትላለች። በሌለበት የሚነሳውንም ሰው ሁሉ እሷ ትላለች። እኔን ባሏን «ነይ ራትሽን ብዪ» ስትለኝ ኖራለች። አላረምኳትም። ለምን አርማታለሁ? ገብቶኛል እኮ።

አትላንታ ስንገባ እኔ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሥራ ያዝኩ፤ እሷ እዚያው አቅራቢያ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ጀመረች። አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ ካለው አፓርትመንታችን ጠዋት ጠዋት የምትሄደው ከአገራችን ሴቶች ጋር፣ በአንደኛዋ መኪና ተሳፍራ ነበር። ሚስቴ ወሬ ነፍሷ ነው። መኪናው ውስጥ የሰማችውን ማታ ለእኔ፣ ከእኔ የሰማችውን ጠዋት ለእነሱ ስታመላልስ ድካሙም አይታወቃትም ነበር።

የአትላንታ ኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሊቀመንበር አገር ቤት ሹም የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። አንድ እሑድ ወንድማቸው አገር ቤት እንደሞተ ተሰማ። ሚስቴ ወዲያው ኮል አደረገችላቸው።

«አባባ፣ ወንድምሽ ሞተች አሉኝ። በጣም አዘንኩ። ምን ታደርጊያለሽ? ቻዪው፣ እሺ? ቻዪው።»

ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «አባባ አለቀሰች» አለችኝ። ያን ጊዜ ሶፋችን ላይ ተቀምጦ የኛን ምሳ የሚበላ አንድ እንግዳ ነበር። አብሮኝ መኪና ፓርክ የሚያደርግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ በየድግሱ ማይክ ይዞ ሰው የሚያስቅ። የሰው ድምፅ ሲያስመስል፣ ሰውየውን ራሱን አምጥቶ ፊትህ ያቆመው ይመስልሃል። ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚበላው። አዝኖ መሰለኝ።

በዚያ ሰሞን ደግሞ የአገራችን ረሃብ በቴሌቪዥን መታየት ጀምሮ ነበር። አንድ የጠዋት ሬዲዮ ቀልደኛ በረሃብተኛው ኢትዮጵያዊ ላይ ይቀልድ ጀመር። ምን እንዳለ አልደግመውም። የመኪና ማቆሚያው ሰዎች ሬዲዮውን ከፍተው ይስቃሉ፤ እኔን ሲያዩ ድምፁን ቀነስ ያደርጋሉ፤ ሳቃቸውን ግን አይቀንሱም። ማኅበራችን ስብሰባ ጠራ። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የማያውቁ የኦርቶዶክስ ቄስና የጴንጤ ፓስተር ጎን ለጎን ተቀምጠው ደብዳቤው ላይ ፈረሙ። ቀልደኛው እዚያው ሬዲዮ ላይ ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። ጠየቀም። «በቀልዴ ቅር ያለው ሰው ካለ፣ ይቅርታ» አለና ወደ ማስታወቂያው አለፈ።

አባባ በሚቀጥለው ስብሰባ ጠረጴዛውን ደበደቡት። «ካለ? ካለ ማለት ምን ማለት ነው? መኖራችንን ተጠራጠረ እንዴ? ቅር ብሎን ደብዳቤ ጽፈን፣ ፈርመን ልከንለት፣ ካለ ይለናል? ይህ ይቅርታ አይደለም፤ ሁለተኛ ስድብ ነው!»

አጨበጨብን። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ እዚያው ሱዳን ካምፕ፣ ድንኳን ውስጥ ነው። አንድ በአንድ እየለቀምኩ ስለማነብ ትንሿን ቃል መዝለል አልችልበትም። ቢሆንም «ካለ» የምትባለዋ ይህን ያህል ክፉ መሆኗን ያወቅሁት ያን ቀን ከአባባ አፍ ነው።

ገና መጣ። ማኅበሩ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ አዳራሽ ተከራየ። ከምግቡ በኋላ ያ የሥራ ባልደረባዬ ነጠላ ተከናንቦ መድረክ ላይ ወጣ። ጫማውን አወለቀና እንደ ስልክ ጆሮው ላይ ለጠፈው። መጀመሪያ የወገናችንን ስም ጠራ፤ ስሙ ብቻውን ግማሹን አዳራሽ አሳቀ። ቀጠለ።

«አባባ፣ ወንድምሽ ሞተች አሉኝ! እግዜርም አዘነች! ቻዪው! ቻዪው እሺ?»

ሰው ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተው። አባባ ራሳቸው፣ ወንድማቸው የሞተባቸው ሰውዬ፣ መሐረብ አውጥተው የሳቅ እንባቸውን ጠረጉ። ሚስቴ አጠገቤ ናት። መጀመሪያ ሰው ሲስቅ እሷም ሳቀች። «ቻዪው» ሲል ፊቷ ቀጥ አለ። ወደ ጆሮዬ ተጠግታ በቋንቋችን ጠየቀችኝ።

«ምን አጥፍቼ ነው? ለሐዘንተኛ እንዲህ አይባልም እንዴ?»

ስህተቷን አታውቀውም ነበር። ሰው ሁሉ እየሳቀ እኔ አዳራሹ መሐል ስለ አንተና ስለ አንቺ ላስረዳት ጀመርኩ። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚስቅባትን ነገር ለራሷ ለሚስትህ እንዲህ ስታስረዳ ምን እንደሚሰማህ ልነግርህ አልፈልግም።

ሰኞ ጠዋት ባለመኪናዋ በሩን ስትከፍትላት «ግቢ፣ ብርዱን ቻዪው እቴ!» አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረውም ይላሉ፤ ይሁን። ማክሰኞ ሚስቴ በባቡር ሄደች። ከዚያም ወዲህ በባቡር ነው። ስልክ ሲጮህ መነጋገሪያውን ለእኔ ታቀብለኛለች። እንግዳ ሲመጣ ፈገግ ብላ «እሺ» ብቻ ነው። ሥራዬ ቦታ ወንዶቹ ሰላምታቸውን ለውጠው «ቻዪው!» «አንቺም ቻዪው!» ይባባላሉ። ቤቴ ውስጥ ግን አንዲት ሴት አፏ ተዘግቷል። እኔ የምፈልገው እሱ እንዲከፈትላት ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ልጁን መኪናዎቹ መሐል ያዝኩት።

«ቀልድ ነው እኮ፣ አንተ ሰው!» አለኝ። «ደግሞ እሷ መሆኗን ማን አወቀ?»

«አንተ ታውቃለህ። እሷም ታውቃለች።»

«እኔ በፍቅር ነው ያመጣሁት። አነጋገሯ ያምረኛል፣ እውነቴን ነው።»

«የሬዲዮው ፈረንጅም በፍቅር ይሆናላ!»

«ኧረ በናትህ! እኔንና እሱን አንድ ታደርገናለህ?»

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲበተን በር ላይ ቆሞ ጮክ አለ። «ወገኖቼ፣ በገናው ቀልዴ ቅር ያለው ሰው ካለ፣ ይቅርታ!» ሰው እጁን እያወዛወዘለት አለፈ። እኔ በቀጥታ ወደ አባባ ሄድኩ።

«አባባ፣ ካለ አለ እኮ።»

«ምን አለ?»

«ቅር ያለው ሰው ካለ። እርስዎ ጠረጴዛ የደበደቡበትን ቃል።»

«ልጄ፣ ያኛው ሌላ ነው። ያ ባዕድ ነው። ይሄ የቤታችን ልጅ ነው፤ ከቤት ልጅ ጋር ቃል አንሰነጥቅም። ደግሞ በዚህ ሰዓት፣ አገር በረሃብ እያለቀ፣ አንድ መሆን ሲገባን...»

«እኛ ነን አንድነቱን ያፈረስነው?»

ተናደዱ። ከአፌ ያልወጣ ሌላ ነገርም ነበር፤ «ሚስቴ ያን ቀን የደወለችው ለእርስዎ ነው፣ አልቅሰውላታል» ልል ነበር። የሳቸውን ሽበት አይቼ ተውኩት። በመጨረሻ ሽማግሌ ይቀመጥ አሉ።

የተቀመጡት አባባ፣ ቄሱና ፓስተሩ ናቸው፤ በአባባ ሳሎን። ሚስቴ ከባለቤታቸው ጋር ጓዳ ነበረች፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ፓስተሩ የገናው ዝግጅት ላይ ቢራ ስለነበረ አልመጡም ነበር፤ ስለዚህ ጉዳዩን አያውቁትም።

«እንግዲህ ለመፍረድ ቃሉን በትክክል መስማት አለብን» አሉ ፓስተሩ።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ በደረቁ ተናገረው።

«እንዲህ ከሆነማ ምኑ ያስቃል?» አሉ ፓስተሩ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። «አባባልህ እንዴት ነበር?»

«አያስፈልግም» አልኩ እኔ።

«ያስፈልጋል እንጂ! ጥፋቱ ያለው አባባሉ ላይ ነው ስትል አልነበር?»

ልጁ እኔን አየኝ፣ አባባን አየ፤ ከዚያ ድምፁን አወጣው። የሚስቴን ድምፅ። «ቻዪው፣ እሺ? ቻዪው።» ቄሱ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አስጠጉ። ፓስተሩ በማዳመጥ ላይ እንዳሉ ሳል ያዛቸው፤ ሳል ነው ካላችሁ እናንተ ሳል በሉት፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳሉ። የጓዳው በር ገርበብ እንዳለ ነው። ጥፋቱን ለመመርመር ብለው ጥፋቱን ከነድምፁ ደገሙት፤ ያልሰማም ሰማ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። በዳግማይ ትንሣኤ፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማይክ ልጁ ይቅርታ ይጠይቃል፤ «ካለ» አይልም። ሚስቴም በዚያው ማይክ ይቅር ብያለሁ ትላለች።

«እሷ ለምን ትናገራለች? ያጠፋው እሱ ነው።»

«ጠያቂ ኖሮ ይቅር ባይ ከሌለ እርቁ በምን ይሞላል?» አሉ ቄሱ። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚህ ላይ የሁለቱ ሃይማኖት አንድ ሆነ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሚስቴ በቋንቋችን «ተወው» አለችኝ። «እየረሱት ነበር። በየሳምንቱ የምታስታውሳቸው አንተ ነህ።»

«አይረሱም። ሰው የሳቀበትን ነገር አይረሳም።»

«እኔ ግን ልረሳው እፈልጋለሁ።»

እኔ አልተውኩትም።

ዳግማይ ትንሣኤ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልጁ ሙሉ ልብስ ለብሶ ወጣ፤ እጅ ነሣ። እውነቱን ልጻፍ፣ ጥሩ አድርጎ ነው የጠየቀው። «እህታችን አባባን ልታጽናና ስትደውል የተናገረችውን ቃል ወስጄ አላግጬበታለሁ። እንጀራዋን እየበላሁ ነው የሰማሁት። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አለ። ካለ የለ፣ ከሆነ የለ፣ ንጹሕ ይቅርታ ነው። ችግሩ፣ እስከዚያች ቀን ቃሉ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። አሁን አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት። አዲስ የመጡ ስደተኞች ደግሞ ነበሩ። «ምን ብላ ነው?» ይላል አንዱ፤ ጎረቤቱ ጆሮው ላይ ይነግረዋል፤ ያ ትከሻውን ያነቃንቃል፤ ለቀጣዩ ያስተላልፋል። ሳቁ ከፊት ረድፍ ተነሥቶ እስከ ኋላው በር ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ምን ልበል? ማንን ልምታ?

አባባ «ነይ ልጄ» ብለው እጇን ይዘው አወጧትና ማይኩን አስጨበጧት። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ የአክብሮት አልነበረም፤ እምላለሁ። ትስታለች ወይስ አትስትም ብሎ የሚጠብቅ ጸጥታ ነው። ማይኩን አፏ ላይ አደረገች፤ ሰውን አላየችም፣ እኔን ነው ያየችው። በቋንቋችን ሁለት ቃል ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉኝ አባባ።

«ደክሞኛል፣ ቤት እንሂድ ነው ያለችው።»

አባባ አፍታም አላሰቡ። ማይኩን ተቀበሏትና «ይቅር ብላለች!» ብለው አወጁ። እልልታ! ጭብጨባ! ልጁ ትከሻዋን ሳመ፣ አባባ ሁላችንንም ሳሙ፣ ዘፈኑ ተከፈተ። «እንዲህ አላለችም» ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ደስታዬ መስሎት እጄን ጨበጠኝ።

መኪና ውስጥ እንደገባን ወረደችብኝ። ያን ማይክ በእጇ ያስያዝኳት እኔ እንጂ ልጁ እንዳልሆነ፣ ልጁ አንድ ጊዜ እንዳሾፈባት፣ እኔ ግን ሦስት ጊዜ እንዳስደገምኩት ነገረችኝ። እኔም መለስኩላት። ዝም ቢባል ለዘላለም እንደሚሳቅብን ነገርኳት። እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እኔ ልክ ነበርኩ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እጠይቃለሁ፣ «ካለ» የሚለኝንም አልቀበልም።

ቤት ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ «መንዳት አስተምረኝ» አለችኝ።

የምሠራበት ማቆሚያ እሑድ እሑድ ባዶ ሲሆን እየወሰድኩ አስተማርኳት። መንጃ ፈቃዷን አገኘች፤ ያገለገለች፣ በሯ የማይገጥም መኪና ገዛን። ብቻዋን መሄድ ጀመረች። ባቡሩ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የዚያች የባለመኪናዋ መኪና ትራንስሚሽኑ ተበላሽቶ ቆመ። ሴትየዋ አንድ ማታ በራችን ላይ መጥታ ቆመች፣ ወደ ኋላዋ እያየች፣ «እስኪሠራልኝ ድረስ...» አለች።

ሚስቴ «እሺ» አለቻት።

በዚያው ሳምንት የኔም መኪና ባትሪው ሞቶብኝ አንድ ጠዋት ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተጣብቄ ሄድኩ። ሚስቴ መሪውን እንደያዘች አፏን አልዘጋችም፤ በአማርኛ፣ በራሷ አማርኛ። ስለ ሆቴሏ ሱፐርቫይዘር ነው የምታወራው፤ እንዲህ አለች፣ እንዲያ አደረገች፣ ፎጣ ቆጠረች። አንድ ቦታ ላይ ሴትየዋ አላስችል አላትና «አንቺ፣ ሰውየው ወንድ አይደለም እንዴ? እሱ ነው የሚባለው እኮ» አለቻት።

ሚስቴ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። «ትፈልጊያለሽ ባቡር?» አለቻት።

ሴትየዋ ቀበቶዋን አስተካከለች። ሚስቴ ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች፤ ሱፐርቫይዘሯ ተቆጣች፣ ሱፐርቫይዘሯ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። ሴቶቹ «ከዚያስ? ከዚያስ?» እያሉ ይሰማሉ። ዳውንታውን እስክንደርስ ማንም አላረማትም።