የመምህር ኤፍሬም ሶዲየም

መምህር ኤፍሬም፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ኦቦ ፈይሳ፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያም በአንድ ክፍል ታጭቀን የምንማር እኛ። የነገሩ ሰዎች እነዚህ ነበሩ። በቀደም ልጄን ላሳክም ሄጄ ፊኖል በሚባለው የጀርም መግደያ የታጠበ ኮሪደር ላይ ስቀመጥ፣ ያ አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ አምቦ ወደነበረው የኬሚስትሪ ክፍላችን መለሰኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። መምህር ኤፍሬም ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ አምቦ ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው ነበር። ሸሚዙ ዘወትር ፊኖል ፊኖል ይላል። ከትምህርት በኋላ ብቻውን ይቀርና ከሁሉቃ ወንዝ ዳር ባመጣው ጭቃ ድቡልቡል እየሠራ በሰንበሌጥ ያያይዝ ነበር። ቀዩ ሶዲየም፣ ነጩ ኦክስጅን ነው። ፊኖል ከሶዲየም ጋር ሲዋሃድ የሚወጣው ጨው አራት ሶዲየምና አራት ኦክስጅን እንደ ሳጥን ማዕዘን ተፈራርቀው የሚቆሙበት ጊዜ አለ ይለን ነበር። እያንዳንዱ ሶዲየም ሦስት ኦክስጅን ይነካል፤ ያም አይበቃውም፣ ክፍት የቀረውን ጎኑን የሚሞላለት ሌላ ይፈልጋል። ፖታሲየም ደግሞ ሰፋ ስለሚል ከዚያም የበለጠ ይሰበስባል።

ኦቦ ፈይሳ በሩ ላይ ዱላውን ተደግፎ ያዳምጥ ነበር፤ መምህሩንም በኦሮምኛ ባርሲሳ፣ መምህር፣ እያለ ይጠራው ነበር።

"ባርሲሳ፣ ብረቱ እንኳ ጎረቤት ይሰበስባል። አንተ መቼ ነው የምታገባው?"

ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ መምህሩም ይስቃል። እራቱን የሚበላው እዚያው ኦቦ ፈይሳ ቤት ነበር። ሌላ የሚሄድበት ደጅ አልነበረውም።

ጨዉን ራሱን ሠርቶ ሊያሳየን ቃል ገብቶ ነበር። ለዚህም አንድ ጉማጅ ሶዲየም ላምባ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ ነክሮ አስቀመጠ። ይህ ብረት ውሃ ከነካው እንደሚፈነዳ ገና በመጀመሪያው ቀን አስተምሮናል፤ ያን ዕለት ግን ኦቦ ፈይሳ በሩ ላይ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ላምባ ከከተማው ጠፋ። ኦቦ ፈይሳ የጠርሙሱን ላምባ ለፋኖሱ ቀዳና፣ ጎደለ እንዳይባል ውሃ ሞላበት። ጠርሙሱ እጁ ላይ ፈነዳ፤ አንድ ዓይኑ ጠፋ።

ያን ጊዜ የመንግሥት ንብረት ያጠፋ ሰው በአሻጥር ተከሶ ይታሰር ነበር፤ ፈይሳ ደግሞ የልጆች አባት ነው። በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ርዕሰ መምህሩ መምህር ኤፍሬምን ግለ ሂስ እንዲያደርግ ፊታችን አቆመው።

"ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ" አለ። "ኦቦ ፈይሳ አጠገቤ ቆሞ ነበር።"

ከኋላዬ አንድ ልጅ፣ "እሱን ደግሞ ማን ይሆን ያስተማረው?" አለ። ሰልፉ ሳቀ። መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እውነቱን ከዓመታት በኋላ የነገረኝ ፈይሳ ራሱ ነው።

እኔ ልጆቼን ውሸት እንዲጸየፉ አጥብቄ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። የመምህሩንም ውሸት እውነት ነበር አልልም። ፈይሳ ግን ሳይታሰር ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አበቃ፤ ይህንን ልክድ አልችልም።

ዋጋው ሲደመር እንዲህ ነው። ላቦራቶሪው ተቆለፈ፤ እኛ የቀረብንን ኬሚስትሪ፣ የፈለገ ሰው፣ እንደ እኔ በየመጽሐፉ ለብቻው ለቀመው። ፈይሳ ዓይኑን አጣ፤ ወዳጁንም ቀና ብሎ ማየት አቃተው። መምህር ኤፍሬም አዋቂ የተባለበትን ስሙን አጣ፤ ጥፋቱ የሥራ ስህተት ተብሎ ከእስር ቢተርፍም ወደ ጠረፍ ተዛወረ። አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኘው አንድም ሰው አልነበረም።