የጋትሉዋክ በሬ ሕመም

ሰሞኑን የሐሞት ጠጠሬን ያወጡልኝ ዕለት፣ ማደንዘዣው ገና ከራሴ ሳይለቅ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው የኒም ዛፍ አንዴ ሲቀርበኝ አንዴ ሲርቀኝ እያየሁ ተኝቼ ነበር። የባሮ ወንዝ ሳይሞላ አልቀረም፤ የደፈረሰ ውሃ ሽታ ከነፋሱ ጋር ይመጣል። አንዲት ልጅ እግር ነርስ አጠገቤ ቆመችና፣ «እማማ፣ ከዜሮ እስከ አስር ቢሰጡት ሕመምዎ ስንት ነው?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኳት። እሷም ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። እናንተዬ፣ ያቺን ጥያቄ እኔ ስንቱን ጠይቄያለሁ!

የዛሬን አያድርገውና እኔም ወጣት ሲስተር ነበርኩ። ከመቲ፣ ከቡናው ጥላና ከጭጋጉ ወርጄ ጋምቤላ ስገባ ሙቀቱ አፌን አስከፈተኝ። ወቅቱ የማንጎ ነበር። የሆስፒታሉ ግቢ ሁሉ ማንጎ ማንጎ ይሸታል፤ ምሳችን የባሮ ዓሣ፣ መክሰሳችን ማንጎ። ቀዶ ሐኪማችን ያኔ ጥናት ይሠሩ ነበር። ቁስሉን ከመስፋታቸው በፊት ዳር ዳሩን ማደንዘዣ ይወጉና፣ በሽተኛው ከነቃ በኋላ ሕመሙ ይቀንስለት እንደሆነ ይከታተላሉ። የእኔ ሥራ እየዞርኩ የሕመሙን ቁጥር መጠየቅ ነበር።

ጋትሉዋክ የሚባል የኑዌር ሰው አንጀቱ ተጠምዝዞበት ከኢታንግ በኩል መጣና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰመረ ጠባሳ አለው። በእነሱ ዘንድ ጎረምሳ ግንባሩን ሲተለተል ዓይኑን እንኳ ካርገበገበ መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። በዚያው ሰሞን አባቱ በሬ ይሰጠዋል፤ በበሬው ቀለም ይጠራል፣ ለበሬው ይዘፍናል። እንግዲህ ይህን ሰው ነው እኔ «ስንት ያምሃል?» የምለው።

በማግስቱ ጠዋት «ዜሮ» አለኝ። ቀትር ላይም «ዜሮ» አለ። ዶክተሩ መድኃኒቱ ሠራ ብለው ደስ አላቸው። እኔ ግን ከአልጋው መራቅ አቃተኝ። ላብ አጥምቆታል፤ በጋምቤላ ቀትር ታዲያ ማን የማያልበው አለ? ልቡ ይፈጥናል፤ ውሃ ጥም ነው ብለን ግሉኮስ ጨመርንለት። የዓይኑን ሽፋን ገልበጥ አድርጌ ሳየው ግን ነጣ ብሏል። ውስጥ ውስጡን እየደማ ቢሆንስ? አያመኝም የሚልን ሰው ሆዱን እንደገና መክፈት ቀልድ አይደለም። እየደማ ከሆነ ደግሞ እስኪመሽ አይቆይም። ፈራሁ።

ያን ጊዜ የአባቴ የእርሻ በሬዎች ትዝ አሉኝ። ለከብት ጌታው ካልተናገረለት ማን ይናገርለታል? አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና፣ «ጋትሉዋክ፣ በሬህ እንዲህ ሆዱን ቢቀደድ ምን ያህል ያመዋል?» አልኩት።

ዓይኑን ወደ ኮርኒሱ አዞረ። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ገና ያኔ ነው።

«በሬ ጠዋት ቆሞ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን ተኝቷል ሲስተር። ሣር አይበላም። ሆዱ ተነፋ፣ እስከ ትከሻ ያመዋል። በሬ አስር ነው።»

አንጀቴን በላው። ሮጬ ለዶክተሩ ስለ በሬው ነገርኳቸው፤ አልሳቁም። መጥተው ሆዱን ዳሰሱና ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቡት። ለካ አንዲት የታሰረች የደም ሥር ማሰሪያዋ ሸርተት ብሎ ኖሯል። እሷን መልሰው አሰሩ፤ ወንድሞቹም ደም ሰጡት። ሲነጋ በሬው እንዴት እንዳደረ ብጠይቀው «ሣር ፈለገ» አለኝ። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ዶክተሩ የእነዚህን ሰዎች ሕመም በበሬያቸው በኩል እንድጠይቅ አዘዙኝ፤ በጥናቱ የተመዘገበው ያ ሁሉ ዜሮ ወደ ትልልቅ ቁጥር ተገለበጠ።

ይህ ሁሉ በሰመመን ሲያልፍብኝ፣ ቁስሌ ዳር የተወጋልኝ ማደንዘዣ ለካ እየለቀቀኝ ነበር። የእኔ ግንባር ለስላሳ ነው፤ ግን «ሆድ ይፍጀው» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ቤቴ ቢቃጠልም ለጠየቀኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን ነው። ሕመሙን የሸሸገ መድኃኒት አያገኝም እያልኩ ግን ስንቱን ገሥጫለሁ!

ነርሷ ተመልሳ ስታልፍ የጋዋኗን ጫፍ ያዝኩት።

«ልጄ፣ እኔ እንኳ በሬ የለኝም» አልኳት። ማደንዘዣው የሚያስቀባጥረኝ መስሏት ፈገግ አለች። «ስምንት ነው። በጣም ያመኛል።»