ሃያ ስድስተኛዋ ስፒል

ባለፈው ሳምንት ዘሐራ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛልኝ መጣች፤ ስፈታው የሱፍና የካውያ ሽታ ወጣ፣ ውስጡም የአባቷ የጋሼ ሰይድ ቢጫ የልብስ ሜትር ነበር።

ጋሼ ሰይድ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በራሳቸው ጠመኔ፣ ቁጥር እንዳካፍል ይፈቅዱልኝ ነበር። የሜትሩ ጫፍ ስለተበላ መቶ ላይ ቆርጠውታል፤ ቦርጫም ደንበኛ ሲመጣ በሁለት ዙር ይለኩታል።

አንድ ቀን አራት ኪሎ ሒሳብ የሚያጠና ተማሪ የምረቃ ሱፉን ሊያሰፋ መጥቶ አየኝና፣ በብብቱ የያዘውን ወፍራም የቁጥር መጽሐፍ አሳየኝ። «አንድ ሚሊዮን አንድን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር ካገኘህ ያንተ ነው። አንድና ራሱ አይቆጠሩም። ቅዳሜ ሱፌን ስወስድ ንገረኝ።»

ጋሼ ሰይድ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ «መጽሐፉን ከአሁኑ ተሰናበተው» አሉት።

የራሴ የምለው አንድም መጽሐፍ አልነበረኝም። ሁለት ያላካፈለውን አራትም እንደማያካፍለው ስለማውቅ ከአንድና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ መረጥኩ፤ ከሁለት እስከ ዘጠና ሰባት በሜትሩ ላይ ሃያ አምስት ስፒል ሰካሁ፣ አንዱን በሞከርኩ ቁጥር እነቅላለሁ። አዲስ ጨርቅ በተዘረጋ ቁጥር ጠመኔው ይጠፋል፣ እኔም ያን ማካፈል እንደገና እጀምራለሁ።

ቅዳሜ ተማሪው ሲገባ ሦስት ስፒል ቀርቶኝ ነበር። ጋሼ ሰይድ ያልላላ ቁልፍ «ላልቷል፣ ላጥብቀው» ብለው ሱፉን መልሰው ያዙ፣ ክሩንም በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት ያቃታቸው መስለው ቆዩ። አካፈልኩ፦ በሰማንያ ሦስት ቀሪው አሥራ ሰባት፣ በሰማንያ ዘጠኝ ሰማንያ ስድስት፣ በዘጠና ሰባት ሃያ ስምንት። ስፒል አለቀ።

«አካፋይ የለውም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

ጋሼ ሰይድ መርፌያቸውን አቁመው አዩኝ። ባዶውን ሜትር አይቼ፣ «እርግጠኛ ነኝ» አልኩ።

ተማሪው ሱፉንም መጽሐፉንም ይዞ ደፉ ላይ ሲደርስ ዞር አለና፣ «የኔ ወንድም፣ ከመቶ በኋላም እኮ ቁጥር አለ» ብሎኝ ሄደ።

ወደ ቤት ስሄድ በልቤ ሞከርኩት። ለመቶ አንድ ሲካፈል ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ፤ ቀሪ የለውም። ቀጣዩ ብቸኛ ቁጥር እሱው ነበር። ጋሼ ሰይድ በሰው ፊት የተማመኑብኝን አስቤ አፈርኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱቃቸው በር ላለማለፍ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ፤ እንደዚያው አደግኩ።

«አላህ ይማራቸውና፣ በዚህ ሜትር ዳግመኛ አልለኩበትም» አለች ዘሐራ ጋዜጣውን ስፈታ። «አዲስ ገዙ። ይሄንን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀምጠው፣ ያ ዝምተኛ ልጅ ሲመጣ ይወስደዋል ይሉ ነበር።»

ቀዳዳዎቹን ቆጠርኩ፤ ሃያ አምስት ናቸው። ከመቶው ጫፍ ቀጥሎ ግን በደቃቅ ስፌት የተቀጠለች ነጭ የገበር ቁራጭ አለች፤ ልክ አንድ ሳንቲ ሜትር ላይ የዛገች ስፒል ተሰክታባታለች።

ሱቁ የነበረበት ዛሬ ሰፊ መንገድ ነው። ከቤታችን እስከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም ነበር።