አባቴ በገና ለታ ጾመ

አባቴ ጾም የሚወድ ሰው ነበር። ሌላው ሰው ጾሙ ሲያልቅለት ደስ ይለዋል፤ እሱ ግን የወደደው እንግዳ እንደ ሄደበት ሰው ይከፋዋል። በተለይ ገናን በሥጋ ብቻ የሚያስታውስ ሰው አይጥመውም። «ጌታን በትንፋሹ ያሞቀው በሬ ነው፤ እናንተ ግን በልደቱ ለታ በሬውን ታርዱታላችሁ» ይል ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአንዱ፣ አባቴና እኔ ሳንጃ ቆላ ወርደን ሰሊጥ ስናሳጭድ ከረምን። በአጠገባችን ቄስም ደወልም አልነበረም። ቀን የሚቆጥረው አባቴ ነው፤ በቀን ቆጠራ ደግሞ ከእሱ ጋር የሚከራከር አልተወለደም።

እኔ ያን ጊዜ አንዲት ልጅ ለማግባት ፈልጌያለሁ። ጎንደር፣ ከፒያሳ በታች የሚኖሩ የአንድ ግራዝማች ልጅ ናት። ሽማግሌ ብንልክ «ገና ይለፍና መልሱን እሰጣለሁ» አሉ። ስለዚህ አባቴ ለዋዜማው ደርሰን ለግራዝማቹ ሰሊጥ እጅ መንሻ ልንሰጥ፣ ከዚያም ቤተ ክርስቲያን ልናድር ቆረጠ። በዕድሜው የልደት ቅዳሴ አምልጦት አያውቅም።

ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ረፋድ ላይ ፒያሳ ከጭነት ማኪና ወረድን። ጎረምሶች ሩር ይለጋሉ፤ መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። «ነገ ለሚሆነው ከዛሬ ይቅበጠበጣሉ» አለ አባቴ። እኔ ሆዴ ይጮኽ ስለነበር ነገሩን አላሰብሁበትም።

ግራዝማቹ ቤት ስንገባ እንግዳው ጢም ብሏል፤ እሳቸው የበሬ ጎድን ይዘው ይግጣሉ። አባቴ ደፉ ላይ ቆመ። ፊቱ ሲለዋወጥ ሳይ ልጅቷን ያጣኋት ያን ጊዜ መሰለኝ። ጋቢውን ሳብ አድርጌ «አባባ፣ ምራቅህን ዋጥ» አልሁት። አልሰማኝም።

«ምነው ግራዝማች» አለ። «ነቢያት የጾሙትን ጾም ይህ ሆድ አንዲት ጀንበር መታገሥ አቃተው? ያ ጌታን ያሞቀው በሬ ዛሬ አንቱን ቢያይ ግርግሙን ጥሎ ይጠፋ ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ለካ የገናው ዕለት ዛሬ ነው። በገና ለታ ደግሞ ሎሌ ጌታውን ቢሰድብ ቅጣት የለበትም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ግራዝማቹ ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁና «ጨምር አያ» አሉት። አባቴም ጨመረ። ሰው በሳቀ ቁጥር እሱ ይብስ ተናደደ፤ እሱ በተናደደ ቁጥር ሰው ይብስ ሳቀ። እኔም ከፍርሃቴ የተነሣ አብሬ ሳቅሁ።

የግራዝማቹ ሚስት፣ ወይዘሮዋ፣ ሥጋ አቀረቡለት። «እንኳን አደረሰዎ፣ ይቅመሱ» አሉት።

«እሜቴ፣ ዛሬ እኮ ዋዜማ ነው።»

«ምን ዋዜማ አለ? ዘመነ ዮሐንስ አይደል?»

በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን፣ ልደት ከሃያ ዘጠኝ ወደ ሃያ ስምንት ቀደም ይላል። ይህን ልጅም ያውቀዋል። አባቴም ያውቀዋል፤ ቆላው አስረሳው።

«ቅዳሴውስ?» አለ።

«ሌሊት አለቀ።»

መደቡ ላይ ቁጭ አለ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ አንጀቴን በላው። ግራዝማቹ ግን ነገሩ ገብቷቸው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ቆይ አያ፣ ያ ሁሉ ጨዋታ ነበር አይደል?» አሉት።

«አዎ» ቢል ልጅቷ የኔ ናት። በዓይኔ ለመንሁት።

«አይደለም» አለ አባቴ። «ቀኑን የሳትሁት እኔ ነኝ፤ በእሱ ይቅር ይበሉኝ። ንግግሬ ግን ከልቤ ነበር። በጌታ ልደት ለታ ጨዋታ ነው ብዬ አልዋሽም።»

ግራዝማቹ ጎድኑን አስቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። «እኔም ቅዳሴ አልሄድሁም» አሉ ዝግ ብለው። «አንተ ቀኑን ሳታውቅ ቀረህ። እኔ ደወሉን እየሰማሁ ተኛሁ፤ ለሰንጋው ማለዳ ልነሣ ብዬ።» እጃቸውን ታጥበው ጋቢያቸውን አጣፉ። «ተነሣ፣ ተሳልመን እንምጣ።»

እኔ በጥብሱና በበሩ መካከል ቀረሁ። ጾሙን በሙሉ ሽሮ ስበላ የከረምሁ ሰው ነኝ። ወይዘሮዋ አዩኝ፤ ከመጋረጃው ጀርባም አንድ ሰው ያየኝ መሰለኝ። ተከተልኋቸው። የሄድሁት ለጌታ ብዬ ነው ብል አፌን ሞልቼ አልናገረውም።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ሰው አልነበረም። አባቴ ግንባሩን በሩ ላይ አሳርፎ አለቀሰ፤ ግራዝማቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቡ ቆሙ። ብዙ ቆዩ። እኔም ሆዴን ረሳሁት።

ተሳልመን ወደ ፒያሳ ተመለስን። እዚያ ስንደርስ ግራዝማቹ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ሠርጉ ጥር ላይ ይሁን» አሉኝ። «ቀኑን ግን አባትህ አይቁረጠው።»